የአቶ ሆሴዕ ጉልበትና የመኪናው ፍሬን

ሰው በማያውቀው ነገር ሲሳሳት ቶሎ ይታረማል፤ አውቀዋለሁ በሚለው ነገር ሲሳሳት ግን ስህተቱን ከሁሉ በኋላ የሚያየው እሱ ራሱ ነው። አቶ ሆሴዕ ሀንዲሶ መኪና ያውቃሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከሆሳዕና እስከ አንጋጫ፣ ከፎንቆ እስከ ሀቢቾ ሲነዱ፣ የትኛው መታጠፊያ በክረምት እንደሚያንሸራትት፣ የትኛው ዳገት ላይ ማርሽ መቀነስ እንዳለበት ዓይናቸውን ጨፍነው ይናገራሉ። ሰው ገጭተው አያውቁም። በቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው፤ በመናኸሪያውም ሾፌሮች ሲጣሉ የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው። ገበያተኞቹ ሴቶች ሌላ መኪና ቆሞ እያዩት እንኳ «የጋሽ ሆሴዕ ላንድክሩዘር ይምጣ» ብለው ይጠብቋቸዋል።

ካለፈው መስከረም ወዲህ ግን ቀኝ ጉልበታቸውን ያማቸው ጀመር። ፍሬን በረገጡ ቁጥር ሕመሙ ከጉልበታቸው ተነሥቶ እስከ ዳሌያቸው ይዘልቃል። ባለቤታቸው ወይዘሮ አባይነሽ በየምሽቱ ቅባት እያሹላቸው ምን እንደነካቸው ሲጠይቋቸው፣ ብዙ መቀመጥ ነው ብለው ያልፉታል። በልባቸው ግን ሌላ ነገር ደምድመው ነበር። ስልሳ ሁለት ዓመት ሞልቷቸዋል፤ ጉልበት የሚከዳበት ዕድሜ ነው። ስለዚህ ክረምቱ ሳይገባ መኪናቸውን ሊሸጡ ቆርጠው ነበር፤ ይህንንም ለማንም አልነገሩም። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ለሌላው ሲመክሩበት ኖረው፣ ለራሳቸው ሲሆን ዘነጉት።

በሚያዝያ ወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከአንጋጫ ወደ ሆሳዕና ሲነሡ፣ የምትሄድበት ሚኒባስ ሞልቶባት የቀረች አንዲት ወጣት ጋቢና ገብታ አጠገባቸው ተቀመጠች። አቢጋኤል ትባላለች። የአንጋጫ ልጅ ናት፤ ወላጆቿን ጠይቃ መመለሷ ነበር። በሆሳዕና በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ የመኪና ጥገና የምታስተምር መሆኗን ግን አቶ ሆሴዕ በዚያ ሰዓት አላወቁም። የሚያዩት ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በጸጥታ የተቀመጠች፣ ጨዋ ልጅ ነው።

ከዳገቱ ጫፍ ሲደርሱ አቶ ሆሴዕ እንደ ልማዳቸው ማርሹን ፍሪ አደረጉና ቁልፉን መልሰው ሞተሩን አጠፉት። መኪናው በራሱ ክብደት ቁልቁል ተንደረደረ። የሞተሩ ድምፅ ሲጠፋ ከኋላ የተሳፈሩት ሰዎች ወሬ ጎልቶ ተሰማ። ወጣቲቱ አንዴ ወደ ቁልፉ፣ አንዴ ወደ እግራቸው ተመለከተች፤ የላይኛውንም መያዣ ጨበጠች።

ከቁልቁለቱ ግርጌ ከቀብር የሚመለሱ ሰዎች መንገዱን ያቋርጡ ነበር። አቶ ሆሴዕ ከሩቅ አይተዋቸው ፍሬኑን ረገጡ። ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠጠረባቸው። ከወንበራቸው ብድግ ብለው በሙሉ ክብደታቸው ተጫኑት፤ የእጅ ፍሬኑንም ሳቡ። መኪናው እየተጎተተ ሄዶ፣ ከመጨረሻዋ አሮጊት ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆመ። አሮጊቷ ነገሩን አላወቁም። ለሐዘንተኛ ክብር ተብሎ የቆመ መሰላቸውና፣ እጃቸውን ኮፈኑ ላይ ደገፍ አድርገው እያለፉ በሀዲይኛ መረቋቸው። አቶ ሆሴዕ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ምርቃቱን ተቀበሉ። ላባቸው ግን በጀርባቸው ይወርድ ነበር።

ሆሳዕና ደርሰው ተሳፋሪው ሁሉ ሲወርድ አቢጋኤል አልወረደችም።

«ጋሽ ሆሴዕ፣ ካልተቀየሙኝ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለች።

«ጠይቂ ልጄ።»

«ይህ ፍሬን እንዲህ መጠንከር የጀመረው መቼ ነው?»

ፍሬኑ ምንም አልሆነም፤ የደከመው እግሬ ነው ሊሉ ከአፋቸው ደርሶ ተመለሰ። ለማያውቋት ልጅ ድካማቸውን መናገር አፈሩ። «መኪናው እንደ እኔ ያረጀ ነው» ብለው ፈገግ አሉ።

እሷም ሥራዋን ነገረቻቸው። አቶ ሆሴዕ ትንሽ ተገረሙ እንጂ አልናቋትም፤ የራሳቸው ሁለት ሴት ልጆችም አስተማሪዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ሠላሳ አንድ ዓመት የነዳ ሰው በሃያ ሰባት ዓመት ልጅ ፊት ተማሪ ሆኖ መቀመጥ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ሞተሩን ለምን በቁልቁለት እንደሚያጠፉ ስትጠይቃቸው፣ መልሳቸው የመምህር መልስ ሆነ።

«ልጄ፣ ነዳጅ የሚገኘው ተሰልፎ ነው። እግዚአብሔር ቁልቁለቱን በነጻ ሰጥቶኝ ሳለ፣ በከንቱ ነዳጅ ማቃጠል ለምን ያስፈልገኛል? ቆጣቢነት ከታላላቆቻችን የተማርነው ነው። እኔን መንዳት ያስተማረኝም ሰው እንዲህ ነበር የሚነዳው።»

«ቁጠባውስ መልካም ነው ጋሽ ሆሴዕ። ግን የእርስዎ መኪና ናፍጣ ነው። ማርሽ እንደገባ እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ካነሡ፣ ሞተሩን የሚያዞረው ቁልቁለቱ ራሱ ነው፤ ወደ ሞተሩ የሚገባው ናፍጣ ይዘጋል። ሞተሩን ሲያጠፉ ያተረፉት የለም። ያጡት ግን ሁለት ነገር ነው፤ መኪናውን የሚይዝልዎትን ማርሽና ፍሬኑን የሚያግዝልዎትን ኃይል።»

አቶ ሆሴዕ ይህን ሰምተው አያውቁም። ሰምተው ባለማወቃቸውም ደስ አላላቸውም። መሪውን ሲያሻሹ፣ አቢጋኤል አንድ ቀላል ሙከራ እንዲያደርጉ ለመነቻቸው። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ፍሬኑን አምስት ጊዜ ይረግጡታል፤ ከዚያ ረግጠው እንደያዙ ሞተሩን ያስነሣሉ። መኪናው ጤነኛ ከሆነ ሞተሩ ሲነሣ ፔዳሉ ከእግራቸው ሥር ትንሽ ዝቅ ይላል። አቶ ሆሴዕ እንዳለቻቸው አደረጉ። ሞተሩ ተነሣ፤ ፔዳሉ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም።

ኮፈኑን ሲከፍቱት ነገሩ ሩቅ አልነበረም። ከፍሬን ፔዳሉ ፊት ለፊት፣ ከሞተሩ በስተኋላ፣ እንደ ትልቅ ድስት ክብ የሆነ ጥቁር ቆርቆሮ አለ። የሹፌሩን እግር የሚያግዘው እሱ ነው። ከእሱ የወጣው ወፍራም የጎማ ቱቦ ወደ ሞተሩ መድረስ ሲገባው ግማሽ መንገድ ላይ ተቆርጦ፣ አፉ በቡሎን ተወትፎ፣ ፋሸታ በሚሉት የብረት ማሰሪያ ታስሮ ነበር። አቶ ሆሴዕ በየጠዋቱ ኮፈኑን እየከፈቱ ዘይትና ውሃ ሲያዩ ከርመዋል። ያንን ቡሎን ግን አላዩትም፤ የሚፈልገውን የማያውቅ ዓይን በፊቱ ያለውንም አያይም።

መኪናው በመስከረም ወር ሞተሩ ተበላሽቶ ሌላ ሞተር የተገጠመለት በዳኘ ጋራዥ ነው። ተያይዘው ወደዚያ ሄዱ። ዳኘ እጁ ሁልጊዜ በግሪስ የጠቆረ፣ ከሚችለው በላይ ሥራ የሚቀበል፣ ልቡ ግን ክፉ ያልሆነ ሰው ነው። ቡሎኑን ሲያሳዩት አልካደም።

«እኔ ነኝ የደፈንኩት» አለ። «በድሮው ሞተር ላይ ከዲናሞው ጀርባ አየር የሚስብ ፓምፕ ነበር። የአዲሱ ሞተር ዲናሞ ያ የለውም። ባለ ፓምፑን ፈልጌ አጣሁ። ቱቦውን ክፍት ብተወው አቧራ ይስባል ብዬ ደፈንኩት። ትንሽ ይጠነክራል፣ እግር ይለምደዋል ብዬ ነግሬዎት ነበር፤ ያስታውሱ እንደሆነ።»

አቶ ሆሴዕ አስታወሱ። በእርግጥ እንዲህ ብሏቸው ነበር፤ እሳቸውም መኪናው በመነሣቱ ብቻ ተደስተው ሳያደምጡት ሄደዋል። ጋራዡ ደጃፍ ላይ ካለው አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡ። መጀመሪያ የተሰማቸው ደስታ ነበር። ጉልበቴ አልከዳኝም አሉ በልባቸው፤ ሰባት ወር ሙሉ አንድ ሰው የማይችለውን ሥራ ብቻውን ሲሠራ ነው የከረመው። ደስታው ግን አልቆየም። አሮጊቷ ኮፈኑን ደግፈው ሲያልፉ የነበረው ፊታቸው መጣባቸው። ከዚያም በሰባት ወር ውስጥ ከኋላቸው የተቀመጠው ሰው ሁሉ፣ ሕፃን ያዘለችው፣ ወደ ሆስፒታል የምትሄደው፣ ከነእንቅልፏ የተሳፈረችው፣ አንድ በአንድ መጣባቸው።

አቢጋኤል መፍትሔ መኖሩን ነገረቻቸው። በባትሪ የሚሠራ ረዳት ቫኪዩም ፓምፕ አለ፤ ከሞተሩ ጋር ሳይያያዝ ለብቻው ተገጥሞ ከዚያ ክብ ቆርቆሮ ውስጥ አየር ይስባል። አቶ ሆሴዕ ግን ወዲያው እሺ አላሉም። ሰው አንድ ጊዜ ከተታለለ በኋላ ሁሉን መጠርጠሩ ልማድ ነው፤ ጥርጣሬያቸውም ከንቱ አልነበረም።

«መምህርት፣ እውነቱን ልንገርሽ» አሉ። «አየር ስቦ መኪና የሚያቆም ነገር አልገባኝም። አየር ምን ጉልበት አለው?»

አቢጋኤል ከቦርሳዋ መርፌ የሌለው ትልቅ ሲሪንጅ አወጣች፤ ፍሬን ዘይት የምትመጥጥበት ነው። መግፊያውን እስከ ታች ገፍታ፣ ጫፉን በአውራ ጣታቸው እንዲደፍኑ አድርጋ፣ መግፊያውን ወደ ኋላ እንዲስቡት ነገረቻቸው። ሳቡት፤ ከበዳቸው። ሲለቁት በራሱ ተስፈንጥሮ ወደ ቦታው ተመለሰ።

«ማን ገፋው?» አለች።

አቶ ሆሴዕ ሲሪንጁን አገላብጠው አዩት። «ማንም አልነካውም።»

«በዙሪያችን ያለው አየር ነው የገፋው። ውስጡ ባዶ ሲሆን ውጭ ያለው አየር ለመግባት ይጋፋል። ያ ክብ ቆርቆሮም እንዲሁ ነው። አንዱ ወገን አየሩ ሲወጣለት፣ በሌላው ወገን የሚገባው አየር ከእግርዎ ጋር አብሮ ፍሬኑን ይገፋል። የእኛ አገር ደጋ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ግፊቱም ከቆላው ያንሳል። ስለዚህ እዚህ ላይ ቫኪዩሙ፣ ማለትም ያ የአየር ባዶነት፣ ጎደሎ ሊሆን አይገባም።»

አቶ ሆሴዕ ሲሪንጁን ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋገሙት። ከዚያ ሁለተኛውን ጥርጣሬያቸውን አወጡ። በቀጭን ሽቦ ላይ የተንጠለጠለን ነገር እንዴት ይታመኑታል? ሽቦው ቁልቁለት መሐል ቢበጠስስ?

«ተገቢ ጥያቄ ነው» አለች አቢጋኤል። «ቢበጠስ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ይበራል። በቆርቆሮው ውስጥ የተጠራቀመው ኃይልም ለሁለት ለሦስት ርግጫ ይበቃዎታል፤ የወጣውን አየር ወደ ኋላ የማይመልስ ቫልቭ አለው። እሱም ካለቀ፣ የሚቀርዎት ዛሬ ያለዎት ፍሬን ነው። ጋሽ ሆሴዕ፣ እርስዎ የሚፈሩት ያ ክፉ ቀን፣ ሰባት ወር ሙሉ በየቀኑ የነዱበት ቀን ነው።»

ይህ ቃል ከሁሉ ይልቅ ወጋቸው። ቢሆንም አንድ ምሽግ ቀርቷቸው ነበር። የጥንት ሾፌሮች ያለዚህ ሁሉ ነድተዋል፤ እሳቸውንም እስከ ዛሬ እግዚአብሔር ጠብቋቸዋል አሉ። አቢጋኤል በዚህ ላይ ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ እሷም የአማኝ ልጅ ናትና ነገሩን በአክብሮት ያዘችው። በእርግጥ ጠብቆዎታል፤ ዛሬም የጠበቀዎት እሱ ነው አለች። የጥንቶቹ ሾፌሮች ሲነዱ ግን መንገዱ ላይ ባጃጅ አልነበረም፤ ሞተር ሳይክል አልነበረም፤ ከትምህርት ቤት ግር ብሎ የሚወጣ ይህን ያህል ተማሪ አልነበረም። የጠበቀዎትን አምላክ ማመስገን አንድ ነገር ነው፤ ጥፋቱን ካወቁ በኋላ ደግመው እዚያው መሄድ ግን እሱን መፈተን ነው።

አቶ ሆሴዕ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ለዳኘ አስረከቡትና በእግራቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ማክሰኞ የፎንቆ ገበያተኞች ደውለው ሲጠይቋቸው፣ መኪናው ታሟል፣ ሌላ ፈልጉ አሉ።

ነገር ግን ሰው ሲመለስም አካሄዱን በአንድ ቀን አይለውጥም። አቶ ሆሴዕ ፓምፑ እንደሚያስፈልግ በልባቸው ካመኑ በኋላ፣ ቢያንስ ግዢውን ራሴ ልጨርስ አሉ። ረቡዕ ጠዋት ወደ አንድ ዕቃ ሻጭ ሄደው፣ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ አለ ወይ ብለው ጠየቁ። አለ አላቸው። ያብረቀርቃል፤ ሲያስነሡትም በኃይል ይጮኻል። ደስ ብሏቸው በፌስታል ይዘውት ጋራዥ መጡ።

አቢጋኤል ከትምህርት ስትወጣ ደረሰች። ፓምፑን ከባትሪ ጋር አገናኝታ፣ ከደብተሯ ቁራጭ ወረቀት ቀድዳ ወደ አፉ አስጠጋችው። ወረቀቱ ተስፈንጥሮ ከጋራዡ ማዶ ወደቀ። ዳኘ ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

«ይህ ጎማ የሚነፋ ነው ጋሽ ሆሴዕ» አለች። «የእኛ ወረቀቱን ስቦ መያዝ አለበት።»

አቶ ሆሴዕ ወረቀቱን ሄደው አነሡ። ስማቸው የሚታወቅ ሰው ናቸው፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ተቆጥተው ይወጡ ነበር። በዚያ ቀን ግን ወረቀቱን በጣታቸው እያጠፉ፣ «እንግዲህ ስንገዛ ምን ብለን እንደምንጠይቅ አስተምሪኝ» አሉ። ለእኛ ለተራኪዎቹ እንደሚመስለን፣ አቶ ሆሴዕ የተለወጡት ፓምፑ ሲገጠም አይደለም፤ ይህን በጠየቁባት ደቂቃ ነው።

አቢጋኤልም በትዕግሥት አስረዳቻቸው። በመጀመሪያ ፓምፑ ከየትኛው መኪና እንደወረደ ማወቅ ነው፤ ለፍሬን የተሠራ መሆኑ የሚታወቀው በዚያ ነው። መኪናቸው የአሥራ ሁለት ቮልት ስለሆነ የሃያ አራቱ አይሆናቸውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጌጅ በሚባለው መለኪያ መፈተን አለበት፤ ምን ያህል እንደሚስብና ሲቆም የሳበውን ይዞ መቆየቱን ማየት ያስፈልጋል። ዱሮ አብሯት የተማረ ሱራፌል የሚባል ልጅ አዲስ አበባ ውስጥ የመለዋወጫ ሥራ ላይ ነበር። ለእሱ ተደውሎ፣ ከተፈቱ ትንንሽ መኪኖች የወረዱ ሁለት ፓምፖችን በአውቶቡስ ላከ፤ ያልሆነውን እንዲመልሱም ተስማሙ።

ሁለቱም አየር ይስባሉ፤ ወረቀቱም ተለጥፎ ቀረ። በጌጅ ሲፈተኑ ግን የአንዱ ቀስት ፓምፑ ከቆመ በኋላ ቀስ እያለ ወደ ዜሮ ወረደ። የሌላው ቀስት ባለበት ቆየ። የሚያፈስሰው ዋጋው ረከስ ያለ ነበር። ዳኘ፣ ሲሠራ እያደር ይጠብቃል፣ እሱን እንግጠመው አለ።

አቶ ሆሴዕ አቢጋኤልን ቀድመው መለሱለት። «አይሆንም ዳኘ። ባለፈው እግር ይለምደዋል አልከኝ፤ አሁን ደግሞ እያደር ይጠብቃል ትለኛለህ። እኔም አንተም ይህን ቋንቋ እንተው። የያዘውን ግጠምልኝ።»

ዳኘ አንገቱን ደፋ። ነገር ግን አልተቀየመም፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሥራውን እንደ ፈተና በጥንቃቄ ይዞት ነበር።

ገጠማው አንድ ቀን ተኩል ፈጀ። ዳኘ ቱቦው እንዲያጥር ብሎ ፓምፑን ከጭስ ማውጫው አጠገብ ሊያስቀምጠው ነበር፤ አቢጋኤል ሙቀቱ እንደሚያቃጥለው አሳየችው። በመጨረሻ ቦታ ያገኙለት አቶ ሆሴዕ ናቸው። ወንዝ ስሻገር ውሃ የማይደርስበትን እኔ አውቃለሁ ብለው፣ ከባትሪው ጀርባ ከፍ ያለውን ስፍራ አመለከቱ። እንዳይንቀጠቀጥም ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ ከሥሩ አነጠፉለት። ተራ የውሃ ቱቦ ሲሳብ ተጣብቆ ስለሚዘጋ፣ ግድግዳው ወፍራም የሆነ የፍሬን ቱቦ ተፈለገ። ሽቦው እንዳይቃጠል ፊውዝና ሪሌ ተደረገለት። ቫኪዩሙ ሲጎድል ፓምፑን የሚያስነሣ፣ ሲሞላ የሚያቆም ማብሪያም ተገጠመ። ቀይዋ መብራት ከመሪው ፊት፣ ሹፌሩ ሳያያት በማያልፍባት ቦታ ተቀመጠች። ዳኘ ያንን ቡሎን ከነፋሸታው ፈትቶ ጣለው።

መጀመሪያ ሜዳ ላይ ሞከሩት። አቶ ሆሴዕ በዝግታ ነዱና እንደለመዱት ከወንበራቸው ብድግ ብለው በሙሉ ኃይላቸው ረገጡ። መኪናው ባለበት ተተከለ፤ ሦስቱም ወደ መስተዋቱ ተወረወሩ። ዳኘ ግንባሩን እያሻሸ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። አቢጋኤል፣ ከእንግዲህ እግርዎን እንደ አዲስ ማስተማር አለብዎት አለቻቸው። ሁለተኛውን ጊዜ በእግር ጣታቸው ጫፍ ብቻ ነኩት፤ መኪናው ለስልሶ ቆመ። ሦስተኛ፣ አራተኛ ደገሙት። ከዚያ ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ አበስ አድርገው መኪናውን ወደ ጋራዡ አዞሩት፤ አቢጋኤልም ወደ መስኮቱ ዘወር ብላ ፊታቸውን ላለማየት ተጠነቀቀች።

ልትሰናበታቸው ስትል ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ሰጠቻቸው። ስሙ ረዳት ፓምፕ ነው፤ የረዳት ሥራ መርዳት ብቻ ነው። አለኝ ብለው ሞተር አጥፍተው ቁልቁለት እንዳይገቡ፣ ማርሽ ሳያስገቡ እንዳይወርዱ፣ የፍሬን ሸራውንና ዘይቱንም እንዳይረሱ አደራ አለቻቸው። አቶ ሆሴዕ አደራውን ተቀበሉ።

በማግሥቱ ወደ ሀቢቾ የሚሄዱ ተሳፋሪዎችን ጫኑ። ከቁልቁለቱ ጫፍ ሲደርሱ እጃቸው በልማድ ወደ ቁልፉ ሄደ፤ መለሱት። ሁለተኛ ማርሽ አስገብተው እግራቸውን ከነዳጁ አነሡ። ሞተሩ እያጉረመረመ መኪናውን ያዘው፤ ፍሬኑንም በየመታጠፊያው ነካ ነካ ማድረግ ብቻ በቃቸው። አጠገባቸው የተቀመጠችው ሴት ከግማሽ ቁልቁለት በኋላ አንቀላፋች። ሁለት ሳምንት እንዲህ ነድተው የናፍጣውን መቁጠሪያ ሲያስተያዩ፣ ሞተር ሲያጠፉ ከነበረው ጋር ልዩነት አላገኙበትም። ያ ሁሉ ዘመን ቆጠብኩ ያሉት ለካ ከሐሳብ በቀር ምንም አልነበረም።

የጉልበታቸውም ሕመም በሁለት ሳምንት ውስጥ ጠፋ። አንድ ቀን ምሳ ላይ ሁሉንም ለባለቤታቸው ነገሩ፤ መኪናውን ሊሸጡ አስበው እንደነበረም አልደበቁም። ወይዘሮ አባይነሽ እስከ መጨረሻው ሰምተው ሲያበቁ፣ «ታዲያ እኔ ሰባት ወር ሙሉ ቅባት ሳሽለት የከረምኩት ለዳኘ ቡሎን ነው?» አሉ። አቶ ሆሴዕ ሳቁ፤ ወይዘሮ አባይነሽ ግን ትንሽ ቆይተው፣ ሊሸጡ ማሰባቸውን ስለደበቋቸው ቅር እንዳላቸው በግልጽ ነገሯቸው። አቶ ሆሴዕም ይቅርታ ጠየቁ።

በግንቦት መጨረሻ የሾፌሮቹ ማኅበር ሲሰበሰብ አቶ ሆሴዕ ለመናገር ተነሡ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ወልደ ሰንበት ከእሳቸው በሁለት ዓመት የሚበልጡ፣ ረጅም ዘመን የጭነት መኪና ነድተው አሁን ተሳፋሪ የሚጭኑ፣ በድፍረታቸው የሚታወቁ ሰው ናቸው። አቶ ሆሴዕ የደረሰባቸውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳያሳምሩ ተናገሩ። መኪኖች ሁሉ ተሳፋሪ ከመጫናቸው በፊት ፍሬናቸው እንዲፈተሽ፣ በቁልቁለት ሞተር ማጥፋትም በማኅበሩ ደንብ እንዲከለከል ለመኑ።

አቶ ወልደ ሰንበት በትሕትና ተቃወሟቸው። «ወንድሜ ሆሴዕ፣ አንተን የማላምን ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ሾፌር ማለት ልቡና እግሩ ነው። እኛ ዕቃ ሲጎድል በጉልበታችን እየሞላን ነው እዚህ የደረስነው። ዛሬ በባትሪ ካልታገዝን መንዳት አንችልም ካልን፣ ነገ ወጣቶቹ ምን ይሉናል?»

አቶ ሆሴዕ ሲመልሱ ድምፃቸው እንደ ጸሎት ዝግ ያለ ነበር።

«ጋሽ ወልደ ሰንበት፣ እኔም እንደ እርስዎ ነበር የማስበው። በጉልበቴ እሞላዋለሁ ብዬ ሰባት ወር ነዳሁ። እኔ በእግሬ ተማምኜ ነበር፤ ተሳፋሪው ግን በእግሬ ላይ ምንም የሚያውቀው የለም። መኪናው ፍሬን አለው ብሎ ነው ልጁን ይዞ የገባው። ያላወቀውን አደጋ እኔ ስለ እሱ ሆኜ ተቀበልኩለት። ለዚህ ማን ፈቀደልኝ? ወጣቶቹ ምን ይላሉ ላሉት፣ ለእኔ ያሳየችኝ ወጣት ናት። ጥፋቴን ስትነግረኝ አላዋረደችኝም። እንዲያውም ጉልበቴን መለሰችልኝ፤ እኔ ሞቷል ብዬ ልቀብረው ነበር።»

በጉባኤው መካከል ክርክሩ ረዘመ። አንዳንዱ ወጪውን አነሣ፤ አንዳንዱ ፓምፑ የሚያስፈልገው መኪና የቱ እንደሆነ ጠየቀ። አቶ ሆሴዕም የተማሩትን ያህል መለሱ። ለሁሉም መኪና አያስፈልግም፤ የራሱ ፓምፕ ያለው መኪና የራሱን በደንብ ቢይዝ ይበቃዋል። ሞተሩ የተለወጠ፣ ፓምፑ የደከመ፣ ፔዳሉ የሚጠጥር ሁሉ ግን ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ቶሎ መታየት አለበት። ሹፌሩ ማታ ሳይደክም ቤቱ ይገባል፤ ሸራውና ጎማው ዕድሜ ያገኛል፤ ባለመኪናው ከክስና ከጸጸት ይድናል፤ ከአንጋጫና ከፎንቆ የምትመጣው እናትም የማታውቀውን አደጋ ሳትሸከም ገበያዋን ውላ ትመለሳለች። በመጨረሻ ማኅበሩ ፍተሻውን ተቀበለ። አቢጋኤል ተማሪዎቿን ይዛ ከዳኘ ጋር መኪኖቹን እንድታይ ተጠየቀች።

ፍተሻው የተጀመረው በዚያው ሳምንት ነው። በመጀመሪያው ቀን ከታዩት ዘጠኝ መኪኖች በሦስቱ ላይ ሞተሩ ሲነሣ ፔዳሉ አልወረደም። ከሦስቱ አንዱ የአቶ ወልደ ሰንበት ነበር። አቢጋኤል ስትነግራቸው ምንም አልተከራከሩም። ፔዳሉን ደግመው ራሳቸው ረግጠው አዩት። ከዚያ ወርደው የመኪናውን በር ቀስ ብለው ዘጉ፤ ቁልፉን ለዳኘ ሰጡ። የተሳፈሩትን ሰዎች ይቅርታ ጠይቀው ወደ ሌላ መኪና አዛወሯቸው። አቶ ሆሴዕ ቤትዎ ድረስ ላድርስዎ ብለው ቢለምኗቸው፣ «አይ፣ ዛሬስ በእግሬ ልሂድ፤ ለዚህ ነው የተፈጠረው» አሉና ኮታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ በመንገዱ ዳር ቀስ እያሉ ወደ ቤታቸው ሄዱ።